የለሰለሰው ዴስክ

አመል ያወጣል ከመሃል ይባላል። የአናጢው አመል ደግሞ ሙገሳ አለመጥገቡ ነበር።

የከተማው ሰዎች ተሰባስበው የድሮውን ትምህርት ቤት አንዱን ክፍል የታሪክ ማሳያ ሊያደርጉት ሲነሡ፣ የተረፈውን ብቸኛ ዴስክ ለእሱ ሰጡት። ሥራውን የሚመሩት ጡረተኛዋ መምህርት አደራ ያሉት አቧራውን ብቻ እንዲጠርግላቸው ነው። እሱ ግን እንደ ንቀት ቆጠረው። ለአቧራማ ምን አናጢ ያስፈልጋል?

ዴስኩ ቀለም የጠጣ፣ በምላጭና በሚስማር የተቦጫጨረ ነበር። እንዲህ ያለ ጉድ በእኔ ስም ሰው ፊት አይቀርብም አለና መላጊያውን አነሣ። ላገው፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸው፣ ቫርኒሽ ቀባው። ጭረቶቹ ፊደል መሆናቸውን አይቷል፤ ግን ዱርዬ ሁሉ የጫረውን ማን ቁጭ ብሎ ያነባል? ፍቅፋቂውን ጠርጎ አቃጠለው።

የመክፈቻው ዕለት መምህርቷ ዴስኩን አይተው ድርቅ ብለው ቀሩ። ዝምታቸውን እንደ አድናቆት ወሰደው፣ ሞኝ።

ከዚያ እናቱ መጣች። ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል። በቀጥታ ዴስኩ የት እንዳለ ጠይቃ ተቀመጠችና የቀኙን ጥግ ዳበሰች። መልሳ ዳበሰች።

«ማነው እንዲህ ያለሰለሰው?»

ዕድሜውን ሙሉ ሰው እንዲጠይቀው የሚመኘው ጥያቄ ነበር።

«እኔ ነኝ፣ እማዬ» አለ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

እጇን ከጥጉ ላይ አላነሣችም።

«ወንድምህ ስሙን የቀረጸው እዚህ ላይ ነበር» አለች። «ዕቃ አበላሸ ብለው አስጠርተውኝ፣ ጓደኞቹ ፊት ገረፍኩት። ሳምንት ሳይሞላው ውሃ ወሰደው። መምህርቷ ስሙ ዛሬም አለ ሲሉኝ፣ አደራ ለልጄ እንዳይነግሩት አልኳቸው። እኔው ራሴ ጣትህን ይዤ ላስነካህ ብዬ።»

ወንድሙ ሲሞት አናጢው ገና የሚታዘል ሕፃን ነበር። የሟቹ ፎቶ እንኳ ቤታቸው የለም። አሁን መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

እናቱ ግን እጁን ፈልጋ ያዘች። ጣቱን በሚያብረቀርቀው እንጨት ላይ አሳርፋ፣ ፊደሎቹ በነበሩበት ቦታ ቀስ እያለች አስኬደችው።

«እዚህ ጋ ትንሽ ተጣሞበት ነበር» አለችው።

ጣቱን ምንም አልነካውም።