ከበሩ በላይ ያለው ምንጣፍ

ምንጣፉን ያስተዋልኩት ሥዕሉ በትልቅ ባነር ታትሞ በከተማችን የአስቂኝ ሥዕል ፌስቲቫል መግቢያ ከተሰቀለ በኋላ ነው። ልጄ ዮዲ ቤት ውስጥ ስትስለው ሻይ ይዤላት እገባ እወጣ ነበር፤ ያኔ ያየሁት ሰልፈኞቹን ብቻ ነው።

ሥዕሉ የጀጎል ቤት ነው። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ አለ፤ በሐረሪዎች ቤት ይህ ያልተዳረች ልጅ አለች ማለት ነው። ከሥሩ ጠያቂዎች ተሰልፈዋል፤ አንዱ ማኅተም ይዟል፣ አንዱ ጫት ታቅፏል፣ አንዱ ከዓረብ አገር ሻንጣ እየጎተተ መጥቷል። የልጅቷ አባት ቁመታቸውን በሜትር ይለካል። ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔን ላብ አጠመቀኝ። ግድግዳው ላይ ጫፉ የተቃጠለ ስፌት ተሰቅሏል፤ ያ ስፌት የጎረቤታችን የእትዬ ሐዲያ ነው። ልጃቸው ዋፋ ደግሞ ኒካሕ አስራለች፣ ምንጣፉም ወርዷል። ሠርጉ በሚቀጥለው ሳምንት ነው።

"ዮዲ፣ ምንጣፉ እኮ ወርዷል!"

"ንድፉን የሠራሁት አምና ነው፣ እማ።"

"አማቾቿ ሲያዩትስ? ልጅቷን ገና ለሌላ ያሳያሉ አይሉም?"

"አቦ፣ እማ! ሥዕል ነው።"

ለእሷ ሥዕል ነው። እኔ ሠርጉ ሲፈርስ፣ እትዬ ሐዲያ ፊታቸውን ሲያዞሩብኝ ታየኝ። ዮዲ ድክ ድክ ያለችው በእሳቸው ግቢ ነው። እሳቸውን ካጣሁ በዚህ ሰፈር ማን አለኝ?

ፌስቲቫሉን ወደ ጀመሩት ወደ ጋሽ ዐብዱራሕማን ሄድኩ። ጡረታ የወጡ የሥዕል መምህር ናቸው።

"እባክዎ ያውርዱልኝ።"

"የተሰቀለ አይወርድም፣ ብርነሽ። አጀማመራችንን አታውቂም እንዴ?"

ነገሩኝ። መጀመሪያ ተማሪዎቻቸው የሳሉትን መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ፣ በሰፊዎቹ ገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ሰቀሉ። አንዱ ሥዕል ሁልጊዜ "ነገ ይደርሳል" በሚል ልብስ ሰፊ ላይ የተሠራ ነበር። ሰውየው ተናደደ፤ ሥዕሉን ግን አልቀደደም። ለሠዓሊው ባለ ሦስት እግር ሱሪ ሰፍቶ ከጎኑ ሰቀለው። አንድ ቱርካዊ መንገደኛ ሁለቱን አብሮ ፎቶ አነሳ፤ በዓመቱ የራሱን ሥዕል ላከ። ከዚያ ከኢራን፣ ከኩባ፣ ከማላውቃቸው አገሮች መጣ፤ ገመዱ አልበቃ ብሎ ወደ አዳራሽ ገቡ።

"ደንባችን የወጣው ከዚያ ሱሪ ነው፤ የተሳለበት ሰው መልስ ይሰጣል" አሉኝ።

"እትዬ ሐዲያ ሱሪ አይሰፉም።"

"እንጃ፣ እሷ የምትሰፋውን አላህ ያውቃል።"

ከዐስር ሶላት በኋላ እትዬ ሐዲያ ከዋፋ አማት ጋር ወደ ፌስቲቫሉ መጡ። እኔ ከምሰሶ ኋላ ቆምኩ። አማትየዋ ባነሩን ቆመው አዩት።

"ሐዲያ፣ ይሄ ያንቺ ቤት አይደል?"

"ነው" አሉ እትዬ ሐዲያ። ፊታቸው አልተፈታም።

አማትየዋ ከባነሩ ሥር ወደቆመችው ዮዲ ዞሩ። "አንቺ ልጅ፣ የኔን ልጅ የት ጣልሽው? ጫማው እስኪያልቅ ተመላልሶ፣ ሰልፉ ውስጥ አጣሁት!"

"እሱማ ተለክቶ አልፏል፤ ውስጥ ገብቷል" አለች ዮዲ።

"ማሻአላህ! ስንት ሜትር ሆነ?"

በዙሪያው የነበረው ሁሉ ሳቀ። የሠርጉ ነገር ትንሽ ቀለለኝ። እትዬ ሐዲያ ግን ሳይስቁ፣ እኔንም ሳያዩኝ ሄዱ። በቃ፣ ተቆራረጥን፤ ያዋስኳቸውን ድስት ዛሬ ይመልሱልኛል ብዬ ቤቴ ገባሁ።

ሲመሻሽ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ሐዲያና ዋፋ አንድ የተጠቀለለ ምንጣፍ ጫፍና ጫፉን ይዘው ቆመዋል።

"ወንበርና መዶሻ አምጪ" አሉኝ።

"ምነው እትዬ?"

"የተሳለበት ሰው መልስ ይሰጣል አይደል ደንባችሁ? እኔ ቤት ያልተዳረች የለችም። ያለችው አንቺ ቤት ናት።"

ዋፋ እየሳቀች ወንበሩ ላይ ወጣች፤ ከበሩ በላይ ሁለት ወፍራም ምስማር መታች። ኖራው ራሴ ላይ ረገፈ። ምንጣፉ ተሰቀለ።

"እና የኔን ጠያቂ ማን ሊለካው ነው?" አለች ዮዲ።

"እኔ ነኛ! አንቺ ሥዕሉን ካላወረድሽ እኔም ይሄን አላወርድም፣ ወላሂ፤ እስክትዳሪ!" አሉና እትዬ ሐዲያ አሁን ሳቁ። እኔንም ትከሻዬን መታ አደረጉኝ። "ምን ትንቀጠቀጫለሽ፣ ብርነሽ? እራት አለ?"

በልተው ሄዱ። ዮዲ ምንጣፉን ፎቶ አንስታ ለጋሽ ዐብዱራሕማን ላከች። እኔ ምስማሮቹን ነካካኋቸው፤ ሌሊት ቢወድቅስ? ነገ የምር ጠያቂ ቢያንኳኳስ? አንድ ወንበር ከሥሩ አስጠግቼ በሩን ቆለፍኩት።