መቶ ሌሊት የተዘጋው ውሃ

የመንደሩ አለቃ የሞቱ ዕለት ባሕረ ሰላጤው ለሐዘን ተዘጋ። የኮኮናት ቅጠል የታሰረበት እንጨት ውሃው መሃል ተተከለ፤ መቶ ሌሊት ሙሉ ማንም መረብ አልጣለም፣ ማንም ሥጋው የሚበላውን ዛጎል ከአሸዋው አልቆፈረም። ባለቤታቸው አሴናታ፣ በሰማንያ ዓመታቸው፣ የባሕር ነገር በአፋቸው አልዞረም።

ዛሬ ተከፈተ። በወጉ መጀመሪያ የሚቀምሱት አሴናታ ናቸው፤ ያውም የዛጎሉን ሥጋ ጥሬውን፣ በሎሚና በኮኮናት ወተት። ከሳቸው በፊት በመንደሩ አዳራሽ ማንም እጁን አይዘረጋም። ዛጎሉን የምትቆፍረው የሟቹ ታናሽ እህት ቪኒያና ነበረች።

የመጀመሪያው ቅርጫት ሲሞላ የወንድሟ ልጅ ኬሌራ ተሸክማው ወደ መንደር ወጣች። ሁለተኛው ሊጋመስ ሲል የቪኒያና ጣት አሸዋው ውስጥ ልስልስ ያለ ነገር ነካ። አወጣችው። የመጸዳጃ ቤት ወረቀት ነው። ራቅ ብሎ ሌላ አለ፤ ውሃው ዳር ካለው የማንግሮቭ ዛፍ ሥር ደግሞ ክምር። ሽታውን እስካሁን የጭቃ ነው ብላ አልፋው ነበር።

ቀና ስትል የባዕድ አገር እንግዶቹ ሦስት የሸራ ጀልባዎች እዚያው አጠገቧ ቆመዋል። እዚህ ከመጡ ሁለት ወር አልፏቸዋል። ሰዎቹ ለመጠጥ የሚሆን የካቫ ሥር በስጦታ ይዘው፣ ደጅ ጠንተው በወጉ የገቡ እንግዶች ስለሆኑ ክፉ ቃል አይነገራቸውም። እሷ ግን ውሃውን በደረቷ እየገፋች ሄደች።

«እንደምን አደርሽ፣ ቪኒያና» አለ አንዱ ሽማግሌ ከጀልባው ላይ።

«የመጸዳጃችሁን ቆሻሻ የት ነው የምትደፉት?»

ሰውየው ግራ ገባው። «እዚሁ ነዋ። ባልሽ እኮ ነው እዚህ ውሃ መቶ ሌሊት ሰው አይገባም ያለን። ማንንም አንጎዳም ብለን ነው እዚህ የቆምነው።»

ባሏ አፔኒሳ ለእንግዳ ወግ ማስረዳት ነፍሱ ነው። መቶው ሌሊት ሲያልቅ መንደሩ በሙሉ ከዚሁ ውሃ እንደሚበላ መንገሩን ግን ዘንግቶታል።

የመጀመሪያው ቅርጫት ትዝ አላት። ሐኪም ቤት በሞተር ጀልባ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ወደ መንደር ሮጠች።

አሴናታ አዳራሹ ደጃፍ ሳህን ይዘው ተቀምጠዋል።

«ቀስ በይ እንጂ፣ ምን ያስሮጥሻል?» አሉ እየሳቁ። «አልቆብሻል። እንዴት እንደናፈቀኝ፣ ሳልጠብቅሽ ድርሻዬን ጠራርጌ በላሁት።» አገጫቸው ላይ የኮኮናት ወተት ነበር። ከኋላቸው አፔኒሳ የዛጎሉን ትሪ ለሰው ማዞር ጀምሯል።

ዝም ብትል ሰው ሁሉ ይበላል፤ ብትናገር አሴናታ ምን እንደበሉ ያውቃሉ።

«ማንም እንዳይበላ» አለች። «ውሃው ሰገራ አለበት። የጀልባዎቹ።»

አፔኒሳ ትሪውን መሬት አስቀመጠና የሞተር ጀልባውን ሊያስነሳ ወደ ባሕሩ ሮጠ። አሴናታ መጀመሪያ ባዶውን ሳህን፣ ቀጥሎ ቪኒያናን አዩ።

«እኔስ፣ ቪኒ?» አሉ።