ትርፍ ቆዳ

ዓለም ከተማ ገበያ መሀል የጨርቅ ሱቅ አለኝ። ከደንበኛ ጋር ስከራከር ድምፄ እስከ መናኸሪያው ይሰማል ይሉኛል፤ ይበሉ። ይህን አንድ ነገር ግን አራት ዓመት ሙሉ ለባሌ ለሽኩር እንኳ ትንፍሽ አላልኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሦስተኛዋን ልጄን ሀይፋን ስወልድ ፊንጢጣዬ ላይ እብጠት ወጣብኝና ሁለት ሳምንት መቀመጫ አሳጣኝ። ከዚያ ሕመሙ ጠፋ፤ በቦታው ግን የጣት ጫፍ የምታህል ልል ቆዳ ቀረች። አታምም፣ አትደማም፣ ዝም ብላ ተቀምጣለች።

እኔ ግን አልተውኳትም። ከሥሯ ቆሻሻ ይዛ ቢሆንስ፣ ሶላቴ ተቀባይነት ባያገኝስ እያልኩ፣ ሶላት በደረሰ ቁጥር በልብስ ሳሙና አጥቤ በሻካራ ጨርቅ እፈትጋለሁ። አላመንኩም፤ እደግማለሁ። ደንበኛ ሱቅ በር ላይ ቆሞ ይጣራል፣ እኔ ጓሮ ሦስተኛ ዙር ላይ ነኝ። ቆዳው ተላጠ፣ ያሳክከኝ ጀመር፤ ባሳከከኝ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ታጠብኩ። ረመዳን ሊገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ዘንድሮ ከሴቶቹ ጋር ተራዊህ፣ የረመዳኑን የሌሊት ሶላት፣ መስገድ እንደማልችል ገባኝ። ሰው መሀል ቆሜ ስቁነጠነጥ ልታይ? ሱቁን ገርበብ አድርጌ አለቀስኩ።

አማቴ እትዬ ሀስና በዚያ ሰዓት ደረሱብኝ። ሲያውጣጡኝ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ኪንታሮት ነው ልጄ፤ ይኼ ምን ያስለቅሳል?» አሉ። «ከቆላ የሚመጣ ባለመድኃኒት አለ። ዱቄት ያደርግበታል፣ ትንሽ ያቃጥላል፣ በሦስተኛው ቀን ይረግፋል። ለገበያ ቀን እልክበታለሁ።»

እሺ አልኩ። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ግን ያ የተላጠ ቦታዬ ሲለበልበኝ፣ ሳሙና ያቃጠለኝ አንሶ በላዩ ሌላ እሳት ልጨምር ነው ወይ አልኩ። ሰው የኔን ጨርቅ እንኳ አገላብጦ ሳያይ አይገዛም። የኔን ገላ ማንም ሳያየው ዱቄት ሊነሰነስበት ነው? መጀመሪያ የተማረ ሰው ይየው ብዬ ቆረጥኩ።

ገበያው ሁለት ቀን ሲቀረው ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሴት ሐኪም ብዬ ብጠይቅ የለችም አሉኝ። የምርመራ ክፍሉን ከፍቼ ስገባ የተቀመጠው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ትዕዛዙ! ባለፈው ወር መጋረጃ ሊገዛ መጥቶ ግማሽ ቀን በዋጋ የተሟገተኝ ጎረምሳ። እግሬ ወደ በሩ ዞረ፣ አንድ እርምጃም ሄደ። ከዚያ ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ አላውቅም። በሩን ከውስጥ ዘጋሁት።

«የማሳይህ ነገር አለኝ» አልኩት። «ወሬው ከዚህ ክፍል ቢወጣ ሁለተኛ ሱቄን አትረግጣትም።»

አልሳቀም፤ የሳሙናውንም የዱቄቱንም ነገር እስክጨርስ ሰማኝ። የካርድ ክፍሏን ሠራተኛ ጠርቶ አጠገቤ አቆመልኝ፣ ጓንቱን አጠለቀ፣ አየ። አራት ዓመት የደበቅሁት ነገር ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም።

«አሁን ኪንታሮት የለብሽም» አለኝ ልብሴን አስተካክዬ ስቀመጥ። «ስትወልጂ አብጦ የነበረው ሲሟሽሽ የተለጠጠው ቆዳ ሳይሰበሰብ ቀርቷል። ትርፍ ቆዳ ነው፤ ካላስቸገረሽ አይነካም። ያቆሰለሽ ሳሙናው ነው።»

«ታዲያ በምን ልታጠብ?»

«በንጹሕ ውሃ ብቻ፣ ቀስ ብለሽ። ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ ጫን ጫን እያደረግሽ አድርቂው። ሆድሽ እንዳይደርቅ ውሃ ጠጪ፣ ጎመንና ምስር አዘውትሪ፤ ሽንት ቤት ስትቀመጪ አታምጪ። ከደማ፣ ካደገ ወይም ከጠጠረ ቶሎ ነይ። የግድ ይነሣልኝ ካልሽም ሆስፒታል አደንዝዘው ያነሡታል። ዱቄት ግን እንዳታስነኪ። ቆዳውን አልፎ ሰገራ የሚይዘውን ጡንቻ ያቃጥለዋል።»

ውሃ ይበቃል! ለሶላት ውሃ እንደሚበቃማ ለልጆቼ የማስተምረው እኔው ነኝ። ወላሂ፣ በራሴ ሳቅሁ፤ ከሳቄ በኋላ ደግሞ አራት ዓመቴ አንገበገበኝ።

በገበያው ቀን ባለመድኃኒቱ ከረጢቱን አንግቶ መጣ። ክፉ አልተናገርኩትም፤ ውሃ አጠጥቼ «አልፈልግም» ብዬ ሸኘሁት። እትዬ ሀስና ደማቸው ፈላ።

«አሳፈርሽኝ! እኔንም ያዳነኝ እሱ ነው። ያንቺው ዓይነት ነበረብኝ።»

«እና ዳኑ?»

«ረገፈ እንጂ!»

«ከረገፈ በኋላስ?»

ከመደርደሪያው አንድ ሻሽ አነሡ፣ አጠፉት፣ ዘረጉት፣ እንደገና አጠፉት።

«አልይዝም» አሉ በመጨረሻ። «ዘጠኝ ዓመቴ። ሳላስበው ያመልጠኛል። ደብረ ብርሃን ያለችው ልጄ ስትወልድ ያልሄድኩት ለዚህ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ያን ሁሉ መንገድ፣ ከሰው ጋር ተጠጋግቼ እንዴት ልቀመጥ? እርጅና ነው ብዬ ተውኩት።»

እኛ ደግሞ ጨካኝ እናት ብለናቸው ነበር። እኔ ራሴ ብያለሁ፣ ያውም ሰው ፊት።

ተነሥቼ ውጭ የዘረጋሁትን ጨርቅ መሰብሰብ ጀመርኩ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እየዘጋሁ ነዋ። ጤና ጣቢያ እንሄዳለን።»

«በገበያ ቀን?»

«በገበያ ቀን። እዚህ ካልሆነላቸው ሆስፒታል ይጻፉልን፤ እዚያም አብሬዎት እሄዳለሁ።»

ሱቁን ቆልፌ ክንዳቸውን ያዝኩ። በሕዝቡ መሀል ጥቂት እንደተራመድን ቆም አሉ።

«ለሐኪሙ ምን ብዬ ነው የምናገረው?»

«እርስዎ ምንም አይናገሩ። እኔ እነግርልዎታለሁ።»

«አንቺ አታፍሪም?»

«አፍራለሁ» አልኳቸው። «ግን እናገራለሁ።»