ትርፍ የሌላት ወንበር

ፋርማሲስቷ ከመደርደሪያው ጎን ያስቀመጠቻት ወንበር ብዙም የሚወራላት አልነበረችም፤ አንድ እግሯ ስለሚያነክስ ካርቶን ተሸጉጦላታል። ደም ግፊት ያለበት ሰው ግን እሷ ላይ ትንፋሹን ሳይሰበስብ አይለካም፤ ሳይለካ አይመከርም፤ ሳይመከር ደግሞ ክኒኑን አይውጥም።

ከሚቀመጡባት ሁሉ አስቸጋሪው የሰፈሩ በያጅ ነበር። የብየዳ ብልጭታ ሸሚዙን ወንፊት አድርጎታል፤ አፉም ምንም አይቋጥርም።

«ግፊትህ ወርዷል» ስትለው፣

«ተመስገን! ድኛለሁ በይኛ!» ብሎ ሊነሳ ይላል።

«ቁጭ በል አንተ! ክኒኑ ይዞት ነው። ስትተወው ተመልሶ ይወጣል።»

«እንደ ዘመድ ነዋ፤ በዚህ በር ሸኘሁት ስትዪ በዚያ የሚገባ።»

«እንደ ዘመድ ነው። አሁን ንገረኝ፤ አንዳንድ ቀን ሳትውጥ ትዘላለህ አይደል?»

ያ ለፍላፊ ወሬ ይቀይራል። እውነቱን ከአፉ እስክታወጣ ጊዜ ይፈጃል። ይህን ጊዜ ነበር ጋሼ፣ የፋርማሲው ባለቤት፣ ከሂሳብ መቀበያው ጀርባ ሆነው የሚባክነውን ጊዜ በዓይናቸው የሚመዝኑት።

ጋሼ ክፉ አይደሉም፤ ነጋዴ ናቸው። አንድ ቀን ወንበሯን አንስተው በቦታዋ የፊት ቅባት ደረደሩበት።

«ጋሼ፣ ሰዎቹ የት ይቀመጡ?»

«ቤታቸው። ልጄ፣ ወሬ በሚሊግራም አይሸጥም።»

«አንድ ሰው በስትሮክ ሲወድቅ እኮ ቤቱም አብሮት ነው የሚወድቀው። ሥራው፣ የልጆቹ ትምህርት... ይህን ነው ወንበሯ የምታስቀረው።»

«እስቲ የቀረውን አሳዪኝና ልቁጠረው።»

ላልመጣ በሽታ ደረሰኝ አይቆረጥም።

በያጁ በሌላ ጊዜ ሲመጣ ቅባቶቹን አየ፤ ቆሞ ሲጠብቅም ሰው ገፋ አደረገው። «አላስቸግርሽ እህቴ፤ ዛሬ ደህና ነኝ» ብሎ ወጣ። ልትጠራው አፏን ስትከፍት ከፊቷ የቆሙት ማዘዣቸውን ዘረጉባት። ከዚያ በኋላ አልመጣም።

ክረምቱ ሲገባ ሚስቱ መጣች። የአዋቂ ዳይፐር፣ የሽንት ቱቦ፣ የአልጋ ቁስል ቅባት ፈለገች።

«ይናገራል?» አለች ፋርማሲስቷ።

«ይሰማል፤ መልስ ግን የለውም። ቀኝ ጎኑም ከድቶታል። የብየዳ ማሽኑን ሸጥነው፤ ትልቋ ልጄም ትምህርቷን ትታ እሱን ታገላብጣለች።»

ጋሼ ዕቃውን በፌስታል ሞልተው እስከ በር ሸኟት። ሲመለሱ ፊታቸው ከልብ አዝኗል።

«ምስኪን» አሉ። ገንዘቡን መሳቢያ ውስጥ ከተቱና፣ «ዳይፐሩን ጨምረሽ እዘዢ፤ እነዚህ እንግዲህ ቋሚ ደንበኛ ናቸው።»

ፋርማሲስቷ ስልኩን አነሳች።

«ትልቁን ልክ» አለችው ለጅምላ ሻጩ። «አዎ፤ በየወሩ።»