አራተኛው ሮቶ

ናጂሃ የሮቶውን ክዳን ስታነሳ ግማቱ ፊቷን መታት። አንዲት አይጥ አብጣ ተንሳፋለች፤ ውሃው አረንጓዴ ዝቃጭ አውጥቷል። ክዳኑ ዳር ዳሩን ተሰንጥቆ ፀሐይ ያስገባል።

ናጂሃ የቡሬ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ታስተምራለች። ከሩቅ ጠፈር የሚመጣ ጨረር አየሩን ሲመታ እልፍ ቅንጣቶች ይዘንባሉ፤ በጨለማ ውሃ ውስጥ ሲያልፉም ጭላንጭል ይፈነጥቃሉ። እሷና አለቃዋ ዶክተር እጅጉ በፍኖተ ሰላም ዙሪያ አራት ሮቶ ተክለው፣ በጭላንጭሉ የጨረሩን ጉልበት ይለካሉ፤ ምንጩንም ይፈልጋሉ። ሰሞኑን አራተኛው ሮቶ ከሌሎቹ ጋር የማይገናኝ ብርሃን መዘገበ። እጅጉ «እስካሁን ያልታየ ጉልበት፣ ከሌላ ጋላክሲ የመጣ» ብሎ እንግዶች ጠራ። ጉባኤው ዛሬ ረፋዱ ላይ ነው።

ሮቶው የተተከለበት ማሳ ባለቤት እትዬ ሸጋዬ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ሸፍነው ቆመዋል።

«ዶክተሩ እኮ አይተውታል ልጄ። ከፍተው አዩና እንደ መትፋት ብለው መልሰው ከደኑት። ለማንም እንዳላወራ ነግረውኝ ሄዱ።»

«መቼ ነው?»

«ይህ የእንግዳ ጥሪ ሳይሰማ በፊት ነዋ።»

ናጂሃን ከአይጧ ይልቅ ይኼ አንገሸገሻት። በባጃጅ ፍኖተ ሰላም ገባች። እጅጉ አዳራሹ በር ላይ ክራቫቱን ያስተካክላል።

«ውሃው መሽተቱን ያውቁ ነበር?»

«ሽታ በግራፍ ላይ አይወጣም» አላት ፈገግ ብሎ። «ስምሽ ከስሜ ቀጥሎ ነው፤ ደስ ይበልሽ።»

ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። እጁ ያረፈበትን ቦታ መታጠብ አማራት።

እጅጉ ንግግሩን ሲጨርስ ተነሥታ፣ ድምጿን ሳታሰማምር፣ አይጧንና የተሰነጠቀውን ክዳን ተናገረች። እጅጉ «ጥቃቅን የጥገና ጉድለት ነው» አለና ሁሉንም ለምሳ ጋበዘ። ሰዉም ተነሥቶ ወደ ምሳው ሄደ። አንድ የወረዳ ባለሥልጣን ጥሬ ሥጋ እየጎረሰ «የአይጧን ነገር ባትነግሪን ምን ነበረበት?» አላት። ውጭ ወጥታ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች።

ብርሃኑ በስንጥቁ የገባ የፀሐይ ብርሃን መሆኑ ሲረጋገጥ፣ ውጤቱ በኋላ ተሰረዘ። እጅጉ ግን ክዳኑን ያልጠገነችው ናጂሃ ናት ብሎ ለትምህርት ክፍሉ መምህራን አስወራ፤ ያመኑትም ጥቂት አይደሉም። እሷ እጅጌዋን ሰብስባ ሮቶው ውስጥ ገባች፣ ዝቃጩን እየዛቀች አወጣች፣ ግድግዳውን ፈተገች። ሁለቴ አስመለሳት። አዲስ ክዳን ገጥማ ንጹሕ ውሃ ስታስሞላ ከአራቱም ሮቶዎች የመጣው ብርሃን ትንሽና እርስ በርሱ የሚመጣጠን ሆነ። የጨረሩን ምንጭ ገና አታውቅም።