ሳይመርጥ የሚሄድ የለም

በጎባ ገበያ ነጋሪት ተጎሰመ፤ ጠመንጃ ያነገቱ ወታደሮች ሜዳውን ከበቡ፤ አስተርጓሚው ደጀኔም ካሚዮን ላይ ቆሞ ገበያው ከእንግዲህ ረቡዕ ረቡዕ እንደሚውል አወጀ። ገበያው ከአያቶቻችን ጀምሮ የሚውለው ረቡዕ ነው። ቢሆንም ወታደሮቹ ያዩን ስለነበር እልል አልን።

ጣሊያን ከወጣ ወር አልሞላውም። ከጦሩ ጋር የመጣው እንግሊዛዊ ሻምበል ደጀኔ አጠገብ ቆሞ ፈገግ ይላል።

«ሁለተኛ!» አለ ደጀኔ። «የገበያ ዳኛ በሹመት መሆኑ ቀርቷል። ዳኛችሁን ራሳችሁ በነጻነት ትመርጣላችሁ። ሳይመርጥ ከዚህ የሚሄድ የለም።»

እዚህ ላይ እልልታው ቀረ። ጣሊያን የሾመው ዳኛ ሁንዴ፣ ጣሊያን በወጣ በሳምንቱ ገደል ውስጥ ተገኝቷል። ማን እንደገፋው የሚያውቅ የለም፤ ሁላችንም በየቤታችን ነበርን።

ሻምበሉ ሥራው የቤተሰብ ነው ብሎ የሁንዴን ታላቅ ወንድም አስጠራ።

«ኦቦ አያና፣ ወደ ፊት ይምጡ!»

«እኔ እኮ ጆሮዬ አይሰማም።»

«ስጠራዎ ሰሙኝ አይደል?»

«የመጨረሻው እሱ ነው።»

ልንስቅ ብለን ወታደሮቹን አየንና ተውነው።

ኦቦ አያና ወደ ካሚዮኑ ተጠጉ። «ልጄ፣ እስቲ ጠይቅልኝ፤ መቼ ነው የምትሄዱት በለው።»

«ሥርዓቱ ሲጸና ይላል።»

«ያኔ እኔን ማን ይጠብቀኛል?»

ደጀኔ ጠይቆ ዞረ። «የመረጠዎት ሕዝብ።»

ኦቦ አያና ዞረው አዩን። እኛ መሬት መሬቱን አየን።

«እምቢ ብንልስ?» አሉ ግራዝማች ገብረ ሥላሴ፤ አምስቱን ዓመት ሐረና ጫካ በአርበኝነት እንዳሳለፉ በየጠጅ ቤቱ የሚነግሩን ናቸው።

ሻምበሉ ደስ አለው። እምቢታ መብት ነው፤ የፈለገ ቀኝ እጁን ያነሳል፣ ያልፈለገ አያነሳም አለ። ዳኛ እስኪገኝ ግን እዚሁ እናድራለን።

ኦቦ አያና በመካከላችን እየዞሩ ለመኑ። «በዋቃ፣ በማርያም፣ እጃችሁን አታንሱብኝ! ገደላችሁኝ ማለት ነው።»

ማልንላቸው። ግራዝማችማ «ያነሳሁ እንደሁ እጄን ይቁረጠው!» አሉ።

ሻምበሉ ፍርሃታችንን አይቶ ራራልን። ማንም ጎረቤቱን እንዳይፈራ ሁላችንም፣ ኦቦ አያናም ጭምር፣ ዓይናችንን እንድንጨፍን አዘዘ። ጨፈንን። ወታደሮቹ አልጨፈኑም።

«አያናን የሚፈልግ፣ እጅ ወደ ላይ!» ብሎ ደጀኔ ጮኸ። አንዱ ወታደር በሰደፉ መሬቱን ደቃ አደረገው።

ሻምበሉ መቁጠር ጀምሮ ቆመ። ሜዳው ሙሉ ክንድ ነው። ያውም ቀጥ ብሎ የተዘረጋ፣ መዳፉ ወደ ታች፣ ጣት ከጣት የተገጠመ፤ ፋሽስቶቹ ባንዲራቸው ሲሰቀል በጅራፍ ያስጠኑን ሰላምታ። ከሁሉም ቀጥ ያለው የግራዝማች ክንድ ነበር። እኔ ይህን ያየሁት በግራ ዓይኔ አጮልቄ ነው፤ ቀኝ እጄ እንደ ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ነበር። ካሚዮኑ ላይ ደጀኔ የራሱን ክንድ አየና ቶሎ አወረደው።

ኦቦ አያና ከፊታችን ቆመዋል። ዓይናቸውን እንደጨፈኑ፣ ክንዳቸው ተዘርግቷል።