የማይዝገው ድስት

የሚሊኒየሙ ሰሞን ዱባለ ምን አለሽ ተራ ውስጥ ራሱን «የአሉሚኒየም ሐኪም» ብሎ ሾመ። ሌላ የሚሾመው ስላልተገኘ ነው። ብረት ማንም ይበይዳል፤ አሉሚኒየም ግን እጅ ይጠይቃል ይላል። ጭንቅላት ይጠይቃል ብሎ አያውቅም፤ በዚህስ ሐቀኛ ነበር።

ያዋረደው የወሰንየለሽ ድስት ነው። ወሰንየለሽ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ምግብ ቤት አላት፤ ዱባለ ከወደዳት ከርሟል። የተሰነጠቀ ትልቅ የሽሮ ድስቷን ይበይድላታል፤ ብየዳው ነጭ ነገር እያበቀለ ይበሰብስና ያንጠባጥባል፤ ይዛው ትመለሳለች።

«አሉሚኒየም አይዝግም! ጨው አብዝተሽበት ነው» ይላታል።

እሷም ሳቅ ብላ ቁጭ ትላለች፤ ሲጫወቱ ይቆያሉ። ስትሄድ ግን ያፍራል። አንድ ድስት ያቃተው ሰው ምን ብሎ ላግባሽ ይላል?

አንድ ቀን ዓይኑ የጎረቤቱ የሻይ ሻጯ የሰኪና ማንቆርቆሪያ ላይ አረፈ። እሱው የበየደው ነው፤ ንክች አላለም።

«ምን ቀብተሽው ነው?»

«ምን እቀባዋለሁ! ስትበይድ የምትነሰንሰው ዱቄት ሻዬ ውስጥ እንዳይገባ የዚያኑ ዕለት በሙቅ ውሃና በብሩሽ ፈገፈግኩት።»

ዱባለ ግንባሩን መታ። ዱቄቱን እሱ «ብየዳውን ይጠብቀዋል» እያለ እንዳለ ይተወው ነበር። ለካ እርጥበት ባገኘ ቁጥር ድስቱን የሚበላው ጠባቂ የተባለው ራሱ ኖሯል።

ወሰንየለሽ ስትመጣ አሮጌውን ብየዳ ፍቆ እንደገና በየደ፤ ዱቄቱም ድራሹ እስኪጠፋ በሙቅ ውሃ ፈተገው። ከዚያ ደረቱን ነፍቶ ተናዘዘ።

«ወሰኔ፣ ጥፋቱ የጨው አይደለም፣ የኔ ነው። መታጠብ እንዳለበት አላውቅም ነበር። ከእንግዲህ መመላለስ ቀረልሽ!»

ወሰንየለሽ ድስቱን አገላብጣ አየችው።

«አታውቅም ነበር?»

«እናቴ ትሙት፣ አላውቅም ነበር!»

«እኔ እኮ…» አለች ፊቷን ዞር አድርጋ፣ «እንድመላለስልህ ሆን ብለህ እንዲያንጠባጥብ የምታደርገው መስሎኝ ነበር። ሌላ በያጅ ጋ ያልሄድኩት ለዚህ ነው።»

ዱባለ በጨው ሲያሳብብ ኖሮ፣ ውሸት በሚያስፈልግበት በዚያች ቀን እውነቱን በእናቱ ምሎ አረፈው።

ወሰንየለሽ ድስቷን ውሃ ሞልታ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችው። ጠብ የሚል ነገር የለም።

«ጎበዝ» ብላው ሄደች።